ያልታጠበ ይናገራል

የአራተኛው ፎቅ የቆሻሻ ልብስ ጋሪ ከአሳንሰሩ ወጣ። ገፊው ትቶላት ተመለሰ።

መርፌ ግራና ቀኝ አየች። ማንም የለም። የቀኝ እጇን ጓንት በጥርሷ ጎትታ አወለቀች።

መቸኮል ነበረባት። እትዬ ካውያ ከንጹሕ ልብስ ክፍል ብቅ ካሉ ያለ ጓንት ያዩዋታል። ካዩዋት ይጠይቃሉ። እትዬ ካውያ መጠየቅ ከጀመሩ ደግሞ የሚያቆማቸው የለም።

በአረንጓዴ ክር የታሰረውን ከረጢት ከክምሩ መዘዘች። በዚህ ሆቴል ከየክፍሉ የሚወርደው ልብስ በየራሱ ከረጢት ይመጣል፤ የየክፍሉም ክር ቀለሙ ይለያያል። የእሷ ሥራ ልብሱ ማሽን ከመግባቱ በፊት የክፍሉን ክር በአንገትጌው ላይ መስፋት ነው፤ ያለዚያ የአንዱ ሱሪ በሌላው ቁምሳጥን ውስጥ ይገኛል። ቀላል ሥራ ነው። ዝምተኛ የሆነች፣ በአጎቷ ልመና የተቀጠረች የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ የምትሠራው ዓይነት።

ሽፋኗ ይህ ነበር። የምሥጢር ስሟም የወጣው ከዚሁ ነው።

እጇን ከረጢቱ ውስጥ ከተተች። ግራጫ ካፖርት። ጨበጠችው።

መጣባት።

ጆሮዋ ቆመ፤ ከበር ውጭ ኮቴ የሚያዳምጥ ሰው ጆሮ። የካፖርቱ ባለቤት በር በተንኳኳ ቁጥር ነፍሱ ወጥታ የምትመለስ ሰው ነበር።

ግራ ገባት። የነገሯት ሌላ ነው። የዚህ ሰው የምሥጢር ስም «ጅቡ» ነው። እንደ እሷ ያሉ ልጆችን እያደነ የሚሸጥ። ጅብ እንዲህ አይፈራም።

ጣቷን ወደ ካፖርቱ ጫፍ አወረደች። እዚያ ሌላ ሰው ነበር። ትንሽ እጅ ጨርቁን ጨምድዶ ይዞት ቆይቷል፤ አጥብቆ፣ ለረጅም ጊዜ።

ከካፖርቱ ሥር የሕፃን ቀሚስ አገኘች። ነካችው፤ ወዲያው ለቀቀችው።

ቀሚሱ ውስጥ አንድ ሰው አልነበረም። ብዙ ነበሩ። አልጋ ያነጠፈች ሴት ድካም። አንድ ወንበር ላይ ከሕፃኗ ቀድሞ የተቀመጠ ሰው ንዴት። የአባት ፍርሃት። ሁሉም በአንዲት ትንሽ ቀሚስ ውስጥ ተጠቅጥቀዋል። መርፌ ይህን ታውቀዋለች። የራሷም ልብሶች በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ ነበሩ፤ የነካችው ሁሉ እሷ ውስጥ እየገባ፣ ከእሷ ወደ ቀሚሷ እየፈሰሰ።

ልጅቷ እንደ እሷ ናት።

ኮቴ ተሰማ። ጓንቷን አጠለቀች።

እትዬ ካውያ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ይህን ስም ያወጡላቸው ሠራተኞቹ ናቸው፤ ከካውያው ጋር አብረው የተወለዱ ይመስል ከእጃቸው ስለማይለይ፣ ሲቆጡም ስለሚያጨሱ። ካፖርቱን ታቅፋ ሲያዩዋት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልብስ ነው እንጂ ባል አይደለም የምትመርጪው። ስፊና ላኪው፤ ሰውዬው ዛሬ ከሰዓት ይሄዳል።»

ሰፋች። አረንጓዴውን ብቻ።

ነጩን ክር አልነካችውም። ጅቡ እሱ መሆኑን ካረጋገጠች ከአረንጓዴው አጠገብ ነጭ ቋጠሮ ማሰር ነበረባት። ትእዛዙ ይህ ነው። ቀሪውን ሌሎች ይጨርሱታል።

*

ይህ ነገር የመጣባት በድንገት ነበር። አንድ ጠዋት በርዷት የእናቷን ሹራብ ደረበች። የግቢውን በር ሳታልፍ የእናቷ ፍርሃት መጣባት። እናቷ ከሐኪም ቤት ተመልሳ ምንም የለብኝም ብላት ነበር። ሹራቡ ግን አለብኝ አለ። መርፌ ዞር ብላ ወደ ቤት ገባችና እናቷን ፊት ለፊት ጠየቀቻት። እናቷም መሬት መሬት እያየች እውነቱን ነገረቻት። ሕመሙ በመድኃኒት ድኗል። የልጅቷ እጅ ግን አልዳነም።

ከዚያ በኋላ ሰው ማቀፍ አቆመች። የቅርብ ጓደኛዋ ስትስማት የጓደኛዋ ቅናት በሸሚዟ በኩል መጣባት፤ ለሳምንታት አልተነጋገሩም። በስፖርት ክፍለ ጊዜ የሌላ ክፍል ማልያ ለብሳ ሜዳ መሀል ተቀምጣ አለቀሰች፤ የማን ልቅሶ እንደሆነ እንኳ አታውቅም። እናቷ ናት መፍትሔውን ያገኘችው። ሙቅ ውኃና ሳሙና። የታጠበ ልብስ ዝም ይላል። እናት ሌሊት ሳይነጋ ተነሥታ የአልጋ ልብሱን፣ መጋረጃውን፣ ያገኘችውን ሁሉ ታጥብ ጀመር። እጇ እስኪላጥ። ጎረቤት ሠርግ አለባቸው እንዴ እስኪል።

ወሬው ትምህርት ቤት ውስጥ ሲዞር አጎቴ መጣ።

አጎቷ አይደለም። ስሙ ያ ብቻ ነው። እንደ እሷ ላሉ ልጆች ጥላ የሚሆን ቢሮ አለ አለ። ልጆቹን የሚነጥቅ ሰውም አለ፤ ጅቡ። መልኩን የሚያውቅ የለም። ልብሱን የሚያውቅ ግን ሊኖር ይችላል። ይህን አንድ ሥራ ከሠራች ወደ እናቷ ትመለሳለች። እስከዚያው ግን ከእናቷ ጋር መገናኘት የለም፤ ለእናቷ ደኅንነት። እናቷ እሺ አላለችም። እሷ ናት እሺ ያለችው።

እናም ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው። ቤቷ መግባት።

*

አጎቴ ወደ ሥራ ቦታዋ መጥቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ መጣ።

በቆሻሻ ልብሱ ክፍል በር ላይ ቆሟል። እንደ ሁልጊዜው የቆዳ ጃኬት፣ የቆዳ ጓንት። ቆዳ አይናገርም፤ ጨርቅ ብቻ ነው የሚናገረው። አለባበሱ የዘናጭ ነገር ነው ብላ ታስብ ነበር። ውጭ ነፋስ ስለነበር ዛሬ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል።

«ጅቡ?»

«ገና ነው።»

«ልብሱ አልወረደም?»

«ወርዷል። ግን አልተረጋገጠልኝም።»

«አንቺ ቋጠሮውን እሰሪ። ጊዜ የለንም። የልጅቷንስ ልብስ አየሽ?»

ክር የያዘ እጇ አየር ላይ ቀረ።

ስለ ልጅ ማንም ነግሯት አያውቅም።

አላየሁም አለች። ካፖርቱ ግን ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ንጹሕ ክፍል ተሰቅሏል አለችው። አጎቴ በዓይኑ ማየት ፈለገ። አረንጓዴ ክር መሆኑን፣ ያ ሰው መሆኑን። ወደ ውስጡ በር ተራመደ።

እትዬ ካውያ መንገዱን ዘጉበት።

የእሳቸውን ደንብ በሆቴሉ የማያውቅ የለም። በቆሻሻው በር የገባ ሰው በውጭ ልብሱ ወደ ንጹሕ ክፍል አያልፍም። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጃኬቱን አውልቆ፣ ነጭ ጋዋን አድርጎ ነው የሚገባው። አጎቴ የእህት ልጄን የሥራ ቦታ ልይ ብዬ ነው ብሎ ለማባበል ሞከረ። እትዬ ካውያ አልሰሙትም፤ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ሳቀና ጃኬቱን አወለቀ።

«ሻርፑም።»

«ሻርፑ እንኳ ንጹሕ ነው፣ እትዬ።»

«ንጹሕ ነው የሚለኝን ሰው ልብስ ሳጥብ ነው ያረጀሁት።»

እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። እትዬ ካውያ ቀደሙት። ሻርፑን ከአንገቱ መዘው ወደ ኋላቸው ወረወሩት፣ ሰው ይቀበላል አይቀበልም ሳይሉ።

ትከሻዋ ላይ አረፈ። ጫፉ ባዶ አንገቷን ነካ።

አጎቴ ዞር ብሎ አያት።

መርፌ አዛጋች።

አፏን በጓንቷ ከድና፣ ሥራ እንደሰለቸው ሰው በረጅሙ አዛጋች። ሻርፑን በሁለት ጣቷ አንሥታ እሰቅልልዎታለሁ አለችው። አጎቴ ጋዋኑን አጥልቆ ገባ።

በሩ ሲዘጋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

የእሱ ስሜት ቀዝቃዛ ነበር። የሱቁን ቁልፍ ቆልፎ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ነጋዴ። ሥራው የተጠናቀቀ፣ ዕቃው የተሸጠ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትጠራጠር ነበር። ግን በሻርፑ ጫፍ ላይ የሌላ ሰው እጆች ነበሩ። ሻርፑን ይዘው የለመኑ። አልለቅም ያሉ። በኃይል የተላቀቁ።

ያንን ፍርሃት ከሁሉም ትለየዋለች። መጀመሪያ የለበሰችው እሱን ነው።

እናቷ።

ትኩስ ነበር። የዛሬ ጠዋት። ልጆቹን የሚሸጠው እሱ ነበር።

ጓንቷን አወለቀች። ነጩን ክር በመርፌው ዓይን አስገባች። ሳተች። እንደገና ሞከረች። አጎቴ ከሳምንት በፊት ያስረዳት በጆሮዋ አቃጨለ። በኋላ በር የማሽን ጠጋኝ የመሰሉ ሁለት ሰዎች ይጠብቃሉ። እኔን አያውቁኝም፣ እኔም አላውቃቸውም፤ ሥራችን እንዲህ ነው። ፊት አይለዩም። አንገቱ ላይ ነጭ ቋጠሮ ያለበትን ይወስዳሉ። «የላካችሁ እኔ ነኝ ይላችኋል፣ ብዙ ይለፈልፋል፤ እንዳትሰሙት» ተብለዋል።

ሻርፑ ከማጅራት በሚያርፍበት ቦታ ሰፋች። የምስር ፍሬ የምታህል ቋጠሮ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

በሩ ተከፈተ።

ሻርፑ ተሰቅሏል። ጓንቷ እጇ ላይ ነው።

አጎቴ ካፖርቱን ይዞ ወጣ። አሁን እሰሪ፣ ፊቴ አላት። አሰረች። ከአረንጓዴው አጠገብ ነጭ ቋጠሮ፤ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። ጃኬቱን ለበሰ። ሻርፑን ራሷ አቀበለችው። በደንብ ጠመጠመው።

ለመጨረሻ ጊዜ ዕድል ሰጠችው። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብላ።

«እናቴን አይተዋት ያውቃሉ?»

«አንቺን ካመጣሁ ወዲህ ደጃፏን አልረገጥኩም። ለእሷው ብዬ።» ጉንጯን በቆዳ ጓንቱ መታ መታ አደረገ። «ነገ ይሄኔ ቤትሽ ነሽ።»

ዓይኑ እንኳ አልተርገበገበም።

ሰውዬው በኋላ በር እንደሚወጣ፣ መኪና እዚያ እንዳዘዘ ነገረችው። ውሸት ነው። አጎቴ ደስ አለው። እኔም ከዚያ ሆኜ አያለሁ ብሎ ሄደ።

*

ካፖርቱን ታቅፋ አሳንሰር ውስጥ ነጩን ቋጠሮ በጥርሷ በጠሰች። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ክሩ ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው።

ክፍሉን አንኳኳች። ከውስጥ ያለው ሰው እስትንፋሱን ሲይዝ ተሰማት። ጨርቅ መንካት አላስፈለጋትም።

በሩ በጠባቡ ተከፈተ። ጺሙን በችኮላ የተላጨ፣ ቀጭን ሰው። ከኋላው አልጋው ጠርዝ ላይ አንዲት ሕፃን ተቀምጣለች። ሁለት እጆቿ ላይ የአባቷን ካልሲ አጥልቃለች።

መርፌ ካልሲዎቹን አየች። ሕፃኗም የመርፌን ጓንት አየች።

«በፊት በር ውጡ» አለችው ለአባትየው። «አሁኑኑ። በኋላ በር ሰው አለ።»

«ማን ነሽ አንቺ?»

«ልብስ አጣቢ ነኝ።»

ሰውዬው አላመናትም። ሊያምናት አይገባምም ነበር። በሩን ሊዘጋው ገፋ አደረገው። ያኔ ሕፃኗ ከአልጋው ወርዳ መጣችና ካልሲዋን አውልቃ የመርፌን ሽርጥ በአንድ ጣቷ ነካች። ከዚያ ለአባቷ እውነቷን ነው አለችው፣ ቀስ ብላ፤ ስለ አየሩ ሁኔታ እንደምትናገር። እሷም ፈርታለች አለች ጨምራ።

አባትየው ካፖርቱን ተቀብሎ ሻንጣውን አነሣ።

መርፌ ተንበረከከች። ጓንቶቿን አውልቃ ለሕፃኗ አጠለቀችላት። ጣቶቹ ረዘሙባት፤ ጫፋቸው ተንጠለጠለ። ልጅቷ እያገላበጠች አየቻቸው።

«የሚያመው ይቆማል?» ብላ ጠየቀች።

መርፌ መዋሸት ትችል ነበር። ሥራዋ ነው። «አይቆምም። ግን የመጣብሽ ሁሉ የአንቺ አይደለም። ሲመጣ የማን ነው ብለሽ ጠይቂ። የሰው ከሆነ ይሄዳል።»

ይህን ለራሷ ነግራ አታውቅም ነበር። ስትናገረው ነው እውነት መሆኑን ያወቀችው።

በፊት በር ወጡ። ግራጫ ካፖርት የለበሰ አባትና ትልቅ ጓንት ያደረገች ልጅ፤ ታክሲ ውስጥ ገቡ። ታክሲው ዞረ። ጠፋ።

በደረጃው መስኮት ወደ ኋላ ግቢ ተመለከተች።

አጎቴ ከግንቡ ጥግ ቆሞ ነበር፣ ፊቱ ወደ በሩ። ማጅራቱ ወደ ሰዎቹ።

አንደኛው ጠጋኝ ቀና አለ። ለሁለተኛው በክርኑ ነገረው።

ግራና ቀኝ ያዙት። አጎቴ መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ፤ ደረቱን እየነካ፣ ወደ ሆቴሉ እየጠቆመ። አንደኛው የሰከረ ዘመድ እንደሚያባብል ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገለት። የመኪናው በር ተዘጋ። መኪናው በሚደርስበት የሚረከቡት ሰዎች ስህተት የሚወዱ አይደሉም። መርፌ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ጸጸት ግን መጣባት፤ የማን ነው ብላ ራሷን ጠየቀች። የራሷ ነበር።

ስትወርድ እትዬ ካውያ አንሶላው ተራራ አከለ፣ የት ነው የምትዞሪው ብለው ተቆጧት። እጇን ሲያዩ ግን ድምፃቸው ወረደ። ጓንትሽስ አሏት። ጠፋብኝ አለች። ከራሳቸው መሳቢያ አሮጌ የላስቲክ ጓንት አውጥተው ወረወሩላት፣ ከደሞዝሽ ነው የምቆርጠው እያሉ። አንድ ነገር ላምጣ ብላ በዚያው ወጣች። ከዋሸችው ሁሉ ይህ ነው የከበዳት።

*

ሰፈሯ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሩጫ አማራት። አልሮጠችም።

መጀመሪያ መንገዱን አየች፤ እንደተማረችው። ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ በር ላይ አንድ ሰው ለስላሳ ይዞ ተቀምጧል። ጠርሙሱ ሙሉ ነው። ለስላሳውም ከሞቀ ቆይቷል፤ አንዲት አረፋ የለውም።

ቤቱን የሚጠብቅ ነው፤ አጎቴ ብቻውን አልነበረም የሚሠራው።

መመለስ ነበረባት። እግሯ ግን እምቢ አላት። ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች፣ ትከሻዋን ሰበር አደረገች፣ እንደ ሥራ ፈላጊ ልጅ አንገቷን ደፍታ ወደ ቤቷ አጥር ሄደች። ከአጥሩ ወዲያ ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። እናቷ ቅርጫት ይዛ ቆማ ነበር። ከስታለች።

እናቷ ቀና አለች።

ቅርጫቱ ከእጇ አልወደቀም። ፊቷ አልተለወጠም። መርፌ ከአጎቴ የተማረችው ሁሉ ከዚህ ጋር ሲተያይ የልጅ ጨዋታ ነበር።

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አለች እናቷ፣ የሱቁ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብላ።

«ልብስ የሚያጥብ ሰው ይፈልጋሉ ተብዬ ነው፣ እርስዎ ከሆኑ።»

እናቷን አንቱ ብላ አታውቅም። ቃሉ ጥርሷን አሳመማት።

የሱቁ ሰው ዞር ብሎ አየ።

«ማን እንዲህ እንዳለሽ እንጃ። እኔ ራሴ ነኝ የማጥበው።» እናቷ ወገቧን ያዘች። «እንዲያው ከመጣሽ አይቀር ያቺን ሽርጥ አውርጂልኝ። ወገቤ አልዘረጋ ብሎኛል።»

መርፌ ግቢው ገብታ ወደ ገመዱ ሄደች። ልብሱ ሁሉ ገና ይንጠባጠባል። ሽርጡ ግን ደረቅ ነበር። ቆሻሻ። እርጥብ ልብሶች መሀል ያልታጠበ ሽርጥ ተሰቅሏል።

መቆንጠጫውን ነቀለች። ለእሷ የተሰቀለ እንደሆነ ገባት፤ ትመጣለች ተብሎ፣ ማንም ሳይነግራት፣ በየቀኑ ወጥቶ እየተሰቀለ።

በሁለት ባዶ እጆቿ ያዘችው።

የጠዋቱ ፍርሃት ከላይ ነበር። ከሥሩ ሌላ ቀን። ከሥሩ ሌላ። ቀኖቹ ሁሉ አንድ ነገር ይላሉ፤ ስሟን ስትጠራ የእናቷ ደረት የሚሞቅበት ያ ሙቀት፣ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ እየጠበቁ አትምጪ ብሎ መመኘት። እናቷ ዳቦ ስትቆርስ ትልቁን ክፍል ወደ እሷ ስትገፋ የሚሰማት ያ ትንሽ ደስታ ሳይቀር እዚያ አለ። ማልቀስ አልቻለችም። ሰውዬው እያየ ነው።

አጣጥፋ ዘረጋችላት። እናቷ ተቀበለች። በጨርቁ ውስጥ የእናቷ ጣቶች ጣቶቿን አገኙ፤ ጨበጡ።

የመጣባት ፍርሃት አልነበረም።

«የማምሻው አውቶቡስ ገና አልወጣም» አለች እናቷ። «ከዚህ ራቅ ያለ ከተማ ሥራ አይጠፋም ይላሉ። ልጅ ነሽ፣ እጅሽ ጠንካራ ነው። እዚህ ግን ምንም የለም። ሂጂ።»

«እሺ፣ እትዬ። ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው።»

እናቷ ሽርጡን ታጥቃ ወደ ቤት ገባች። በሩን ዘጋች። ቀስ ብሎ፣ ሙሉ በሙሉ።

የሱቁ ሰው ወደ ለስላሳው ተመለሰ። ሥራ ፈላጊ ልጅ ናት። እንዲህ ያለች በቀን ስንት ታልፋለች።

ከጥጉ ዞረች። ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውት ነበር፤ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ። እጇን ኪሷ አልከተተችም። መሀላቸው ገባች፤ የአንዱ ድካም፣ የሌላው ጥድፊያ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ልብ በየእጅጌው እየነካት አለፈ።

ከዚያ ማንም ለይቶ ሊያያት አልቻለም።